ግልጽ ደብዳቤ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፦ ስለ ደመወዝተኛው ግብር እና ስለ አቤቱታ መብቱ

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ከመቀጠር በሚገኝ ገቢ ላይ የሚጣለው ግብር፣ ለዓመታት ስለዘገየው የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል እና የሠራተኛው አቤቱታ የማቅረብ መብት

የተከበራችሁ የምክር ቤቱ አባላት፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ በሂሳብ ሠራተኝነት ተቀጥሬ፣ ወር በመጣ ቁጥር የባልደረቦቼን የደመወዝ መክፈያ ሠንጠረዥ የማዘጋጅ ሰው ነኝ። እናንተ በድምፅ ብልጫ የምታጸድቁት የግብር አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ ከወጣ በኋላ የሚያርፈው እንደ እኔ ባለው ሰው ጠረጴዛ ላይ ነው። ከጥበቃውና ከጽዳት ሠራተኛዋ ጀምሮ እስከ ሥራ አስኪያጁ ድረስ ከእያንዳንዱ ሰው ላይ ስንት ብር እንደሚነሳ አሰላለሁ፤ ገንዘቡንም ወሩ ካለቀ በ30 ቀናት ውስጥ ለግብር ሰብሳቢው ገቢ እናደርጋለን። ብንዘገይ ቅጣትና ወለድ አለው። ስለዚህ የአገሪቱ ደመወዝተኛ ግብሩን የሚከፍለው ደመወዙን በእጁ ሳይነካው፣ ሳይከራከርና ቀን ሳያስጨምር ነው።

በድርጅታችን በጥበቃ ሥራ ላይ ያሉ አንድ አባት አሉ። ወርሃዊ ደመወዛቸው 3,500 ብር ነው። አሁን በሥራ ላይ ባለው ሠንጠረዥ መሠረት 225 ብር ለግብር፣ 7 በመቶ ማለትም 245 ብር ለጡረታ ይቆረጥና 3,030 ብር ይደርሳቸዋል። ቀደም ሲል ይኖሩበት ከነበረው ካዛንቺስ በልማት ተነሥተው ወደ ገላን ጉራ ስለሄዱ፣ በእግራቸው ይመጡበት የነበረው ሥራ ዛሬ ታክሲና አውቶቡስ እያቀያየሩ የሚደርሱበት ሆኗል። ባለፈው በዓል ተረኛ ሆነው አድረው 600 ብር የትርፍ ሰዓት ክፍያ ታሰበላቸው። ከዚያ ላይ 95 ብር ለግብር ተነሣ፤ ጠቅላላ ገቢያቸው ከ4,000 ብር በማለፉ የመጨረሻዋ 100 ብር በ20 በመቶ እርከን ውስጥ ገብታለችና። «ልጄ፣ በዓሉን ቤቴ ሳልውል የሠራሁት ነው እኮ፣ ይሄም ይቆረጣል?» ብለው ጠየቁኝ። ሠንጠረዡን አውጥቼ አሳየኋቸው፤ ስሌቱ ትክክል እንደሆነ ተረዱ። ስሌቱ ትክክል መሆኑ ግን ለጥያቄያቸው መልስ አልሆነም፤ መልሱን መስጠት የሚችለው ሠንጠረዡን ያጸደቀው አካል ነውና ጥያቄያቸውን ወደ እናንተ አምጥቼዋለሁ።

በቅድሚያ ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ምክር ቤቱ በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ባጸደቀው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ከግብር ነፃ የሆነው የደመወዝ መጠን ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ማለቱን አልዘነጋሁም። እኚህ ጥበቃ በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 979/2008 ቢሆን ኖሮ ከዚሁ 3,500 ብር ላይ 397 ብር ከ50 ሳንቲም ይቆረጥባቸው ነበር። በብር ስንቆጥር ቅናሽ አለ። ሆኖም ሁለቱ አዋጆች በወጡባቸው ዓመታት መካከል ብሩ ራሱ ምን እንደሆነ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 22 ብር ገደማ ነበር፤ ያኔ ከግብር ነፃ የነበረው 600 ብር 27 ዶላር አካባቢ ያወጣ ነበር ማለት ነው። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሆኖ ከረመ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ማሻሻያው በጸደቀበት ሰሞን ከ130 ብር በላይ ደርሶ ነበር። በዚህ ስሌት አዲሱ የ2,000 ብር ወለል ከ16 ዶላር በታች ነው። ለድሃው ጫና እንዲያቀል ተብሎ የወጣው አዋጅ፣ የነፃ ገቢውን ወለል ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከነበረበት ዝቅ አድርጎታል።

በዶላር ማስላቴ ደመወዝተኛው በዶላር ስለሚኖር አይደለም። ዘይቱ፣ ነዳጁ፣ መድኃኒቱ፣ የልጆቹ ደብተር ወረቀት ሳይቀር በዶላር ስለሚገቡና ዋጋቸው በዚያው ልክ ስለሚወጣ ነው። ጤፉ የአገራችን ቢሆንም ኩንታሉ ከ10 ሺህ ብር በላይ ወጥቷል፤ ከላይ የጠቀስኳቸው አባት የሦስት ወር የተጣራ ደመወዛቸውን ቢያጠራቅሙ አንድ ኩንታል አይገዙበትም።

ሌላው ብዙ ያልተነገረለት ለውጥ በእርከኖቹ ላይ የደረሰው ነው። የቀድሞው ሠንጠረዥ ከ600 ብር በላይ ያለውን ገቢ በ10 በመቶ ጀምሮ 15፣ 20 እያለ ይወጣ ነበር። አዲሱ የ10 በመቶውን እርከን ጨርሶ ሰርዞ ከ2,000 ብር በላይ ያለውን በቀጥታ በ15 በመቶ ይጀምራል፤ በ14,000 ብርም 35 በመቶ ላይ ይደርስና ይቆማል። በ2008 ዓ.ም. ይኸው የ35 በመቶ ጣሪያ የሚጀምረው በ10,900 ብር ነበር፤ ያም ወደ 500 ዶላር የሚጠጋ ገቢ ነበር። ዛሬ የሚጀምርበት 14,000 ብር ከ110 ዶላር አይዘልም። በ2008 ዓ.ም. ከፍተኛው የግብር ምጣኔ የሚነካው የባንክ ኃላፊዎችንና የዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኞችን የመሳሰሉ ጥቂት ሰዎችን ነበር፤ አሁን ግን ጥቂት የሥራ ልምድ ያለው የሂሳብ ሠራተኛ፣ መሐንዲስ ወይም የግል ትምህርት ቤት መምህር ይገባበታል። በወር 15,000 ብር የሚያገኘው ሰውና በወር ግማሽ ሚሊዮን የሚያገኘው ሰው በመጨረሻዋ ብራቸው ላይ እኩል 35 ሳንቲም ይከፍላሉ።

ነገሩን በአንድ ሰው ላይ ላሳይ። በ2008 ዓ.ም. በወር 4,000 ብር ይከፈለው የነበረ ሠራተኛ 497 ብር ከ50 ሳንቲም ግብር ይከፍል ነበር፤ ይህ ከደመወዙ 12 በመቶ ከግማሽ ያህል ነው። የዋጋ ንረቱን ለመቋቋም ደመወዙ በአምስት እጥፍ አድጎ 20,000 ብር ደረሰለት እንበል። የቤቱ ማዕድ አልጨመረም፣ የሚከራየው ቤትም ያው ነው፤ በአዲሱ ሠንጠረዥ ግን 4,950 ብር ይቆረጥበታል። ይህ ከደመወዙ ሩብ ያህል ነው። ምክር ቤቱ «የዚህን ሰው ግብር በእጥፍ እናሳድግ» ብሎ ተከራክሮ አያውቅም፤ ቃለ ጉባኤም አልያዘበትም። እርከኖቹ በብር ተጽፈው ከንረቱ ጋር እኩል እንዲስተካከሉ ባለመደረጋቸውና ብሩ በመውደቁ ብቻ ግብሩ እጥፍ ሆነ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ግብር የመጣል ሥልጣን የተሰጠው ለእናንተ ነው፤ ንረቱ በእናንተ ምትክ ግብር ሲያሳድግ ዝም ማለት ሥልጣኑን አሳልፎ እንደ መስጠት ይቆጠራል።

ለዚህ ሁሉ መነሻ የሆነ አንድ አድልዎ በሕጉ ውስጥ አለ፤ የሂሳብ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። ድርጅት ግብር የሚከፍለው ኪራዩን፣ ነዳጁን፣ የሠራተኛ ደመወዙንና የዕቃ እርጅናውን ቀንሶ በቀረችው ትርፍ ላይ ነው፤ ኩባንያ ከሆነ ምጣኔው 30 በመቶ ነው። ተቀጣሪው ግን ወደ ሥራ ለመምጣት ያወጣው ትራንስፖርት፣ የሚያድርበት ቤት ኪራይ፣ ሌላው ቀርቶ በአስገዳጅነት የሚቆረጥበት ጡረታ እንኳ ሳይቀነስለት ባልተጣራው ደመወዙ ላይ ይከፍላል። የጥበቃው 245 ብር ጡረታ ወደ ኪሳቸው ሳይገባ ያለፈ ገንዘብ ነው፤ ግብሩ ግን እርሱንም ጨምሮ ይሰላል። ነጋዴውም የራሱ እንግልት እንዳለበት፣ በተለይ ትንሹ ባለ ሱቅ በቁርጥ ግብር ግምት ምን ያህል እንደሚንገላታ አውቃለሁና አንዱን በሌላው ላይ ለማነሣሣት አልጽፍም። ግን ገቢው እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም የሚታወቅ፣ ሊደብቅም ሊደራደርም የማይችለው ወገን ይበልጥ እንዲሸከም መደረጉ ልክ አይደለም።

ወደ ሁለተኛው ጉዳይ ልምጣ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ ተቋቁሞ የዝቅተኛ ደመወዝ መጠንን በጥናት ላይ ተመሥርቶ በየጊዜው እንዲከልስ፣ ዝርዝሩም በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲወሰን ደንግጓል። አዋጁ በወጣበት በ2011 ዓ.ም. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩ የልብስ ስፌት ሠራተኞች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑንና ይህም በዓለም ላይ በዘርፉ ካሉት ሁሉ ዝቅተኛው መሆኑን ይፋ አድርገው ነበር። ለዚያ ፓርክ መንገድ ተሠርቷል፣ መብራት ገብቷል፣ ባለሀብቱ ከግብር እፎይታ ተሰጥቶታል። ከገጠር ተሰብስበው የመጡት ልጃገረዶች ግን አንዷን ክፍል አራትና አምስት ሆነው እየተከራዩ ምሳቸውን ፋብሪካው በሚያቀርበው እየበሉ ኖሩ፤ ብዙዎቹም ሳይቆዩ እየለቀቁ ሄዱ። በ2014 ዓ.ም. አገራችን ከአጎዋ፣ ማለትም ምርትን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ለመላክ ከሚያስችለው ዕድል ተጠቃሚነት ስትወጣ ደግሞ ያቺኑ ሥራ ያጡ ነበሩ። አዋጁ ያዘዘው ቦርድ ያኔ ሥራ ቢጀምር ኖሮ ቢያንስ የሚነጻጸሩበት ሕጋዊ ወለል ይኖራቸው ነበር።

መንግሥት ለራሱ ሠራተኞች ወለል ማስቀመጥ እንደሚችል አሳይቷል። የመንግሥት ሠራተኛው ዝቅተኛ ደመወዝ በ2017 ዓ.ም. ከ1,100 ብር ወደ 4,760 ብር፣ በ2018 ዓ.ም. መግቢያ ደግሞ ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። ይበል የሚያሰኝ ነው፤ ለአንድ ቤተሰብ የማይበቃ መሆኑ ሳይዘነጋ። በዚሁ መንገድ ማዶ በግል ድርጅት የሚሠራው ተመሳሳይ ሠራተኛ ግን ግማሹን ቢከፈለው የሚጠይቅለት ሕግ የለም። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ገበያ፣ በአንድ የዘይት ዋጋ የሚኖሩ ሁለት ጥበቃዎች አንደኛው 6,000 ሌላኛው 3,500 ሲከፈላቸው፣ ከሁለተኛው ላይ ግብር ለመቁረጥ የሚደርሰው መንግሥት ዝቅተኛ ደመወዙን ለመወሰን ለምን እንዳልደረሰ ሊያስረዳን ይገባል።

የተከበራችሁ አባላት፣ እነዚህን ጥያቄዎች ሠራተኛው ራሱ ድምፁን አውጥቶ እንዲጠይቅ ቢፈቀድለት ኖሮ የእኔ ደብዳቤ ባላስፈለገ ነበር። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 ማንኛውም ሰው መሣሪያ ሳይዝ በሰላም የመሰብሰብ፣ ተቃውሞውን በሰላማዊ ሰልፍ የመግለጽና አቤቱታ የማቅረብ መብት እንዳለው ይደነግጋል። በአዋጅ ቁጥር 3/1983 መሠረት ሰልፍ የሚያደርግ ወገን የሚጠበቅበት ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ ነው። በተግባር የምናየው ሌላ ነው። በ2015 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን የዓለም ሠራተኞችን ቀን ምክንያት በማድረግ የደመወዝ፣ የግብር እና የኑሮ ውድነት ጥያቄዎችን በሰልፍ ለማሰማት አቅዶ ሳይፈቀድለት ቀረ። ዓመቱን ሙሉ ግብሩን ሳያቋርጥ የከፈለ ሠራተኛ፣ ሚያዝያ 23 ቀን አደባባይ ወጥቶ «ግብሩ ከብዶኛል» ማለት ካልቻለ በምን ቀን ይበል?

በግንቦት 2017 ዓ.ም. የሆነው ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። የጤና ባለሙያዎች ደመወዛቸው እንዲስተካከል፣ የተጠራቀመ የትርፍ ሰዓት ክፍያቸው እንዲከፈልና የሥራ ሁኔታቸው እንዲሻሻል ቀነ ገደብ ሰጥተው ጠየቁ፤ ምላሽ ሳያገኙ ሲቀሩ በበርካታ ሆስፒታሎች ሥራ አቆሙ። ሐኪም ሥራ ሲያቆም በሕመምተኛው ላይ የሚደርሰውን ጉዳት አቅልዬ አላይም፤ ዘመድ ሆስፒታል ያስተኛ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የሥራ ማቆሙን አግባብነት በተመለከተም ቅን ክርክር ሊኖር ይችላል። ነገር ግን የተከተለው ክርክር ሳይሆን እስር ነበር። ከታሰሩት መካከል የጥያቄው አስተባባሪዎች ነበሩበት፤ የሰብዓዊ መብት ድርጅቶችም ድርጊቱን አውግዘዋል። ስድስትና ሰባት ዓመት ተምሮ ሌሊቱን በተረኝነት የሚያድር ሐኪም «ደመወዜ ቤት ኪራይ አይከፍልም» በማለቱ ፖሊስ የሚፈልገው ሰው ሲሆን፣ ሌላው ሠራተኛ ምን እንደሚማር መገመት አያዳግትም። እኛ ቢሮ ውስጥ ያ ሰሞን ስለ ደመወዝ የሚነሣ ወሬ በሹክሹክታ ሆኖ ነበር።

የመንግሥት ሠራተኞች በማኅበር ስለሚደራጁበት ሁኔታ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ዝርዝሩን ለሕግ ትቶታል። ያ ሕግ ቢኖር ኖሮ፣ ሐኪሙም መምህሩም የሚደራደርበት ጠረጴዛና የሚወክለው ሕጋዊ ማኅበር በኖረው፣ ነገሩም ከቀነ ገደብና ከእስር በፊት መፍትሔ በተገኘለት ነበር። ይህንን ሕግ የማውጣት ሥራ የማንም ሳይሆን የዚህ ምክር ቤት ነው።

ግብር ከፋዩ ገንዘቡ የት እንደሚውል የመጠየቅ መብትም አለው፤ የሂሳብ ሰው ስለሆንኩ ይህን በዝምታ ላልፈው አልችልም። የፌዴራል ዋና ኦዲተር በየዓመቱ ቀርቦ በመሥሪያ ቤቶች በወቅቱ ስላልተወራረደ ሂሳብ፣ ከደንብ ውጭ ስለተፈጸመ ክፍያና ስላልተሰበሰበ ገቢ ሪፖርት ያቀርብላችኋል። እኔ የጥበቃውን 225 ብር በ30 ቀን ውስጥ ገቢ ካላደረግኩ ድርጅቱ ይቀጣል፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ግን ሚሊዮኖች ሳይወራረዱ በዓመታት ይሻገራሉ፣ የሚጠየቀውም ኃላፊ በስም አይታወቅም። በአዲስ አበባ የየካ ኮረብታ ላይ የሚሠራው፣ አዲስ ቤተ መንግሥትን የሚጨምረው የጫካ ፕሮጀክት ደግሞ ገንዘቡ ከመንግሥት በጀት እንዳልተመደበ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለዚሁ ምክር ቤት ገልጸዋል። እንግዲህ መሬቱ የሕዝብ ነው፣ ሥራውንም የሚመራው መንግሥት ነው፤ ወጪው ግን በጀቱን በሚያጸድቀው ምክር ቤት አያልፍም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ እንዲከናወን ያዛል፤ ይህም ድንጋጌ በጀት ውስጥ ያለና በጀት ውጭ ያለ ብሎ አይለይም።

በ2013ቱ ምርጫ ውጤት ከተገለጸባቸው 436 መቀመጫዎች 410ሩን ገዥው ፓርቲ እንደወሰደ አውቃለሁ፤ በዚህ ምክር ቤት ውስጥ የተለየ ድምፅ ማሰማት ምን ያህል ከባድ እንደሆነም እገምታለሁ። ቢሆንም አንቀጽ 54 የምክር ቤቱ አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች መሆናቸውንና ተገዥነታቸውም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው ብቻ መሆኑን ይናገራል። ፓርቲ በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። አንቀጽ 89 ደግሞ መንግሥት የሀብት ክፍፍሉ ፍትሐዊ እንዲሆን የማድረግ ግዴታ እንዳለበት ያስቀምጣል።

ስለሆነም ምክር ቤቱ የደመወዝ ግብር እርከኖችና ከግብር ነፃ የሆነው ወለል የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት በሚያወጣው የዋጋ መረጃ መሠረት በየዓመቱ በሕግ እንዲስተካከሉ፣ የተቀጣሪው የጡረታ መዋጮም ግብር ከመሰላቱ በፊት እንዲቀነስ አዋጁን እንዲያሻሽል እጠይቃለሁ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት የደመወዝ ቦርዱን የሚያቋቁመውን ደንብ ለምን እስካሁን ሥራ ላይ እንዳላዋለ ለቋሚ ኮሚቴው በአካል ቀርቦ እንዲያስረዳና የጊዜ ሰሌዳ እንዲቀርብ ይደረግ። የመንግሥት ሠራተኞች የመደራጀትና የመደራደር መብት በሕግ ይደንገግ። ስለ ደመወዛቸው በመጠየቃቸው የታሰሩ፣ ከሥራ የታገዱ ወይም የተባረሩ የጤና ባለሙያዎች ጉዳይ በምክር ቤቱ ተጣርቶ ውጤቱ ለሕዝብ ይገለጽ፤ ያለ ጥፋት የተጎዱትም ወደ ሥራቸውና ወደ ሙሉ መብታቸው ይመለሱ። ማሻሻያው በሚረቀቅበት ጊዜ በሚጠራው የሕዝብ አስተያየት መድረክ ላይም ከባለሀብቱና ከባለሙያው ጎን ጥበቃው፣ የጽዳት ሠራተኛዋና የፋብሪካ ሠራተኛዋ ተጠርተው እንዲናገሩ፣ የዚያን ቀን ደመወዛቸውም እንዳይቆረጥ ይደረግልን ዘንድ በአክብሮት አመለክታለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሂሳብ ሠራተኛና ግብር ከፋይ
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለገንዘብ ሚኒስቴር
ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን
ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን